የለዘበው ስሞታ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሌላውን ሰው ስሞታ መቀበል ነበር።

መምህሩ ነገሩን የጀመሩት እንዲህ ብለው ነው። አጠገባቸው የድንጋይ መቀመጫ ላይ የተቀመጠው ጠያቂ የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። ከምሳ በኋላ መጥቶ ጥቂት ካመነታ በኋላ እንዲህ ብሎ ጠይቋቸው ነበር፤ «የኔታ፣ ሕዝቡ የሚነግረኝን እንዳለ ለአለቃዬ ባደርስ ይቆጣል። ስለዚህ ቃሉን ትንሽ አለዝበዋለሁ። አልዋሽም፤ ሹልነቱን ብቻ እቀንሳለሁ። ይህ ኃጢአት ነው ወይ?» መምህሩ ነው ወይም አይደለም አላሉትም። የዚያን ሰው ነገር ይነግሩት ጀመር።

ሰውየው የሚሠራው ለአንድ ባለጠጋ ነበር። ባለጠጋው ከባሕር ማዶ አዳዲስ መኪና እያስመጣ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። መኪኖቹ ያምራሉ። የወንበራቸው ላስቲክ ገና አልተገፈፈም፤ በራቸው ሲዘጋ ድምፁ ልብ ያሳርፋል። ዕድሜውን ሙሉ አሮጌ መኪና ሲያስገፋ የኖረ ሰው አዲስ መኪና ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሰማው መቼም አይጠፋህም። ስለዚህ አንዱ መሬቱን ሸጦ፣ አንዱ ዕቁቡን አውጥቶ፣ ሌላው ከወንድም ከእህቱ ጋር አዋጥቶ ይገዛ ነበር።

ባለጠጋው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩን መናገር ይቀለኝ ነበር። ቁጡ ግን ነው። ከዚህ ሰው በፊት ስሞታ ይቀበል የነበረው ሠራተኛ ሰዎች ያሉትን ሁሉ አንድ ፊደል ሳያጎድል ያነብለት ነበር። አንድ ቀን «ደንበኛው ‹ዓይነ ስውር መኪና ሸጠልኝ› ይላል» ብሎ ቢያነብለት፣ ባለጠጋው ወረቀቱን ከእጁ ነጥቆ ቀደደውና እዚያው ከሥራ አሰናበተው። ያን ያየ ሁሉ ተማረ። በእሱ ምትክ የተቀጠረው፣ አሁን የምነግርህ ሰው፣ ሥራውን የጀመረው ይህን ተምሮ ነው።

ደግ ሰው ነበር። የእጅ ጽሑፉ እንደ ብራና ጽሑፍ ያማረ ነው። ስሞተኛ ሲገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ይቀበላል፤ «አረፍ ይበሉ» ይላል፤ ሻይ ያስመጣል። የሚናገረውን ሰው አያቋርጥም። ሰው ደም ሥሩ ተገታትሮ ይገባና አመስግኖት ይወጣል። ባለጠጋውም «ይህ ሰው ከመጣ ወዲህ ቤቴ ሰላም አገኘ» ይል ነበር። ሁሉም ወደደው።

ከዚያ ክረምት ገባ።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ገበሬ ነው። ከሁለት ወንድሞቹ ጋር ሆኖ ከደጋ ድንች የሚያወርድበት ፒክአፕ ገዝቷል። ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ተናገረ።

«ወንድሜ፣ የፊቱ መስታወት መንገዱን ያጣምምብኛል። በግራ በኩል ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ያለው መንገድ እንደ እባብ ይታጠፋል። አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያሳየኛል። ለየትኛው ልዙርለት? እኔ እኮ የምነዳው ገደል አፋፍ ላይ ነው!»

«አይዞህ፣ ገብቶኛል» አለው ስሞታ ተቀባዩ። ብዕሩን አንሥቶም ጻፈ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ግን «ደንበኛው በፊት መስታወቱ ጥራት ላይ አስተያየት አላቸው» የሚል ነበር።

ቀጥሎ አንድ የትምህርት ቤት አስተማሪ መጣ። «ሲዘንብ መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል» አለ። «የተባለውን ቁልፍ ሁሉ ነካክቻለሁ። ባንድ እጄ መሪ ይዤ ባንድ እጄ በመሐረብ እጠርጋለሁ። ትናንት ልጆች ሲሻገሩ ያቆምኩት አይቻቸው እንዳይመስልህ። ሲስቁ ሰምቼ ነው። ዝም ብለው ተሻግረው ቢሆንስ?»

ስሞታ ተቀባዩ ራሱን ነቀነቀ፤ ከልቡ አዘነለት። የጻፈው ግን «ስለ አየር ማስተላለፊያው አጠቃቀም ተጨማሪ ማብራሪያ ይፈልጋሉ» የሚል ነበር።

ይህን ውሸት ነው ትለዋለህ? አይደለም። የተጣመመ መስታወት የጥራት ጉዳይ ነው። ጉሙም ከአየር ማስተላለፊያው ጋር ይያያዛል። አንዱን ቃል እንኳ ነቅሰህ ብትጠይቀው መልስ ነበረው። እሱም ማታ ቤቱ ሲገባ «ሁለቱንም ወገን አስማምቼ ዋልኩ» ብሎ ነበር የሚያስበው።

ሦስተኛዋ አንዲት ሴት ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። እናቷ ኩላሊቷ ስለደከመ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዳ ደሟ መታጠብ አለበት። ታክሲ ላይ መውጣት መውረዱ አሮጊቷን ሲበረታባት ወንድሞቿ አዋጥተው ትንሽ መኪና ገዙ። ሴትየዋም መንጃ ፈቃድ አወጣች።

«ጋሼ፣ የዝናብ መጥረጊያው ቆመ» አለችው። «ካፊያ ሲሆን ይሠራል። ዝናቡ ሲበረታ ግን መሐል ላይ፣ ልክ ዓይኔ ፊት ድርቅ ይላል። ያኔ ምንም አላይም። ዳር ይዤ ልቁም ብል ዳሩም አይታየኝ። እናቴ ከኋላ ሆና ‹ምን ሆንሽ ልጄ?› ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገራት?»

«አይዞሽ እህቴ፣ ዛሬውኑ አደርሰዋለሁ» አላት። «መጥረጊያው በዝናብ ጊዜ ዝግ ይላል» ብሎ ጻፈ።

ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ መዝገቡን ይዞ ባለጠጋው ዘንድ ገባ። አነበበለት።

«ይኸው ብቻ ነው?» አለ ባለጠጋው።

«ይኸው ነው ጌታዬ።»

«ሰው አዲስ ነገር እስኪለምድ እንዲህ ነው። መጥረጊያው ዝግ ይላል ያለችውን የመጥረጊያውን ጎማ ይቀይሩላት። ሌላውን አስረዳቸው።»

ከመዝገቡ የተቀዳ ወረቀት ወደ ጋራዥ ሄደ። መካኒኩ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ «ዝግ ይላል» ይላል፤ ዝግ ለሚል መጥረጊያ ደግሞ ጎማ ነው የሚቀየረው። ቀየረ። በባልዲ ውኃ ረጭቶ ሞከረው፤ ጠረገ። መኪናዋን መለሰላት።

በሳምንቱ ሴትየዋ ተመልሳ መጣች። ፀጉሯ ከነጠላዋ ጋር በስብሷል።

«ጎማው አዲስ ነው፤ መጥረጊያው ግን ዛሬም ቆመ» አለች። «አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ባለፈው የነገርኩህን ጽፈኸው ነበር?»

«እንዴታ! አሳምሬ።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

አነበበላት። ቀና ብላ አየችው።

«ይህን ማን ነው ያለው?»

«አንቺ ነሽ እንጂ እህቴ።»

«እኔ ‹ቆመ› አልኩህ እንጂ ‹ዝግ ይላል› አላልኩም። የቆመና ዝግ ያለ አንድ ነው?»

«ያው ነው። በጽሑፍ ሲሆን እንዲህ ነው የሚባለው።»

«ታዲያ አሁን እኔ እየነገርኩህ ጻፍ» አለችው ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች። «‹መጥረጊያው ይቆማል። አላይም። ሰው እገድላለሁ።› እንዲህ በል።»

አንድ ነጠላ ወረቀት ስቦ ጻፈ። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ብዕሩን ቀና አደረገ።

«ይህችኛዋ አትበዛም?»

«አትበዛም። ጻፋት።»

ጻፋት። ሴትየዋ አንድ በአንድ አነበበችው፤ ዕፎይ አለች፤ አመስግናው ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ስሞታ ተቀባዩ ወረቀቱን ደግሞ አነበበው። «ሰው እገድላለሁ።» ቅዳሜ ይህን ሲያነብ የባለጠጋው ፊት እንዴት እንደሚሆን ታየው። ከእሱ በፊት የነበረው ሰው የግል ዕቃውን በፌስታል ይዞ በዚሁ በር ሲወጣም ታየው። ቤቱ አራት ልጆች አሉ። መዝገቡን ገልጦ በዚያ በሚያምር ጽሑፉ «ደንበኛዋ ስለ መጥረጊያው ስጋት እንዳላቸው በድጋሚ ገልጸዋል» ብሎ አሰፈረ። ነጠላውን ወረቀት ጨምድዶ ቅርጫት ውስጥ ጣለው።

ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ስትሰማው ትንሽ ነገር ናት።

ቅዳሜ ባለጠጋው «ስጋት» የሚለውን ሲሰማ ፈገግ አለ። «መንዳት የጀመረች ሴት መቼም ትሰጋለች። ጎማውን ደግማችሁ ቀይሩና ተስተካክሏል በሏት።» ተቀየረ። ስሞታ ተቀባዩ ራሱ ስልክ ደወለላት።

«እህቴ፣ ተስተካክሏል። ከእንግዲህ አትስጊ።»

«ያን ወረቀት ባለቤቱ አየው?» ብላ ጠየቀችው።

«አይቶታል።»

«እኔ ያልኩትን? እንዳለ?»

«እንዳለ።»

ይኸውልህ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ዋሽቶ አያውቅም ነበር። ሲያለዝብ የኖረ ሰው የሚዋሽበት ቀን ሲመጣ መዋሸቱን እንኳ አያውቀውም። እሱ ሊያጽናናት ነበር የፈለገው። እሷም አመነችው። ለምን አታምነው? ሻይ ያጠጣት፣ ሳያቋርጥ የሰማት ሰው ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የእናቷ ተራ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። ከዚያ ስልክ በፊት ቢሆን ኖሮ ሴትየዋ መኪናዋን አቁማ ኮንትራት ታክሲ ትይዝ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድርጋለች። እናቷም «ሰማዩን አየሽው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ተስተካክሏል ብለውኛል» አለቻት። እናቷን ደግፋ ከኋላ አስቀመጠቻት።

መንገድ ከጀመሩ በኋላ ዝናቡ ወረደ። መጥረጊያው አራት አምስት ጊዜ ጠረገ። ከዚያ ዓይኗ ፊት ቆመ። መስታወቱ ላይ ውኃ ብቻ ቀረ። ፍሬን ያዘች። መኪናው በውኃው ላይ ጥቂት ተንሸራተተ፤ አንድ ነገር መታ፤ ቆመ።

የመታችው ሰው ነበር። የመንገድ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ፕላስቲክ ደርባ የተደፈነ ቱቦ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ጭቃውን ትጠርግ ነበር፤ ጎርፉ ወደ ሰው ቤት እንዳይገባ። እታፈራሁ ትባላለች። የሌሎቹን ስም አልነገርኩህም፤ የእሷን ግን ያዝልኝ። ያንን መንገድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠርጋዋለች።

ሴትየዋ ወርዳ ጎርፉ ውስጥ ተቀመጠች፤ የእታፈራሁን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። «ተስተካክሏል ብለውኝ ነበር» ትላለች፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። እናቷ ከኋላ ሆና የበሩን መክፈቻ በእጇ ትፈልጋለች፤ መኪናው አዲስ ነውና የቱ ጋ እንደሆነ አላገኘችውም። ሰው እስኪደርስ እታፈራሁ ዐረፈች።

ሴትየዋ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ተከሰሰች። ችሎት ስትቀርብ አልካደችም። «ገድያታለሁ» አለች። «ግን ነግሬያቸው ነበር። ‹መጥረጊያው ይቆማል፤ አላይም፤ ሰው እገድላለሁ› ብዬ ዓይኔ እያየ አስጽፌያለሁ። ተስተካክሏል አሉኝ። እሱን አምኜ ነው የወጣሁት።»

ዳኛው መዝገቡ እንዲቀርብ አዘዙ። ቀረበ። ጽሑፉ ያማረ ነውና ሳይቸገሩ አነበቡት። «ዝግ ይላል» ይላል። «ስጋት አላቸው» ይላል። «ጎማው ተቀይሮ ተነግሯቸዋል» ይላል። «ቆመ» የሚል የለም። «አላይም» የሚል የለም።

መካኒኩ ተጠየቀ። «መኪናው ከአደጋው በኋላ መጥቶልኝ መጥረጊያውን ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል» አለ። ያየውን ነው የተናገረው፤ የሞከረው በደረቅ ቀን ነበር። «ከዚያ በፊት የደረሰኝ ወረቀት ‹ዝግ ይላል› ነው የሚለው። ጎማ ቀየርኩ።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «እንግዲህ ‹ቆመ› የሚለው ቃል የመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው» አለ። «ጥፋቷን በሻጩ ላይ ለማላከክ የፈጠረችው ነው።»

ያኔ ስሞታ ተቀባዩ ተጠራ፤ ማለ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

«ተከሳሿ ‹መጥረጊያው ይቆማል፤ አላይም፤ ሰው እገድላለሁ› ብላህ ነበር?»

ሰውየው ሴትየዋን አያት። እሷ በተስፋ ነው የምታየው፤ ከወንበሯ ከፍ ብላለች። ባለጠጋውን አየው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ክንዱን አጣጥፎ ተቀምጧል። የእታፈራሁ ባል ደግሞ ዳር ላይ ነበር፤ እሱን አላየውም።

«ቃል በቃል አላስታውስም» አለ። «ሐሳቡ ግን መዝገቡ ላይ ያለው ነው።»

ሴትየዋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ተፈረደባት።

ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ሲወርዱ ባለጠጋው ክንዱን ያዘው።

«እውነቱን ንገረኝ። ‹ሰው እገድላለሁ› ብላ ነበር?»

«ብላለች ጌታዬ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ይቆጡ ነበር።»

«አዎ» አለ ባለጠጋው። «እቆጣ ነበር።» ተቆጥቼም ቢሆን አሠራው ነበር አላለም። ያሠራው እንደ ሆነ ማንም አያውቅም፤ እሱም አያውቅም። ማወቂያው ቀን አልፏል።

በማግስቱ ባለጠጋው መካኒኩን ጠርቶ የመጥረጊያውን ሞተር አስፈታው። ሲፈታ ምን ተገኘ? ሞተሩ ለመጥረጊያው ያንሳል። ከባድ ውኃ ሲገፋ ይግላል፤ ሲግል ይቆማል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይነሣል። መካኒኩ ሞተሩን እጁ ላይ እንዳደረገ ቀረ። «‹ቆመ› የሚል ወረቀት ቢደርሰኝ የዚያን ቀን ነበር የምፈታው» አለ። የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

መኪኖቹ ሁሉ ተጠሩ። የመጥረጊያ ሞተራቸው ተቀየረ፤ የገበሬው መስታወት ተቀየረ፤ የአስተማሪውም ጉም መንሥኤው ተፈልጎ ተገኘ። በአንድ ወር አለቀ። ሰዉ ባለጠጋውን «እንዲህ ነው እንጂ ነጋዴ!» ብሎ አመሰገነው። የሞተሩ ጉድለት ስለ መገኘቱ ግን ወደ ችሎት ሄዶ የተናገረ የለም። ባለጠጋው ስሙን ፈራ። መካኒኩ ባለጠጋውን ፈራ። ስሞታ ተቀባዩ ሁሉንም ፈራ።

ሰውየው ግን እንቅልፍ አጣ። ከስምንት ወር በኋላ ብርቱካንና ስኳር ይዞ ወደ ወህኒ ቤቱ ሄደ። ሴትየዋ ከሽቦው ወዲያ መጥታ ቆመች። ከስታለች።

«እህቴ» አለ። «‹መጥረጊያው ይቆማል› ብለሽ ነበር። ‹አላይም› ብለሽ ነበር። ‹ሰው እገድላለሁ› ብለሽ ነበር። አንዷን ቃል እንኳ አልረሳሁም።»

«ይህን ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» አለችው።

ብርቱካኑን በሽቦው በኩል ዘረጋላት።

«እኔ እኮ አውቀዋለሁ። ሂድና ለማያውቁት ንገር።»

ሊሄድ ሲል የሚለው ቢጠፋው «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አላት።

«በጥቅምት ዐረፈች። በሳምንት ሦስት ቀን የሚወስዳት ሰው አልነበረም» አለችና ብርቱካኑን ሳትቀበለው ተመለሰች።

ከዚያው በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ይህን አልነሣውም። ሬጅስትራሩ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ነገሩን ተናገረ። ሬጅስትራሩ ሰምቶ ሲጨርስ ወረቀትና ብዕር ሰጠው። «የይግባኙ ጊዜ አልፏል» አለው። «ግን ምስክሩ ራሱ በሐሰት መመስከሩን ካመነ ጉዳዩ እንደገና የሚታይበት መንገድ አለ። ጻፍና ፈርም።»

ተቀመጠ፤ ጻፈ። ሬጅስትራሩ ተቀብሎ አየው። «ቀደም ሲል በሰጠሁት ቃል ላይ ተጨማሪ ማብራሪያ ለመስጠት» ይላል።

«ማብራሪያ አይደለም ወንድሜ» አለ ሬጅስትራሩ። «በማብራሪያ የተዘጋ መዝገብ አይከፈትም። ‹ብላኛለች፤ ምዬ ዋሽቻለሁ› ብለህ ጻፍ።»

ሌላ ወረቀት ወሰደ። «የማስታወስ ክፍተት» ብሎ ጀመረ፤ ሰረዘው። «አለመግባባት» አለ፤ ሰረዘው። ሬጅስትራሩ ሌላ ባለጉዳይ አስተናግዶ ተመለሰ፤ ሰውየው አሁንም ብዕሩን ወረቀቱ ላይ እንዳስቀመጠ ነው። «ዋሸሁ» የምትለው አጭር ቃል ናት፤ ልጅ ፊደል እንደ ቆጠረ የሚጽፋት። ያ እጅ ሊጽፋት አልቻለም። አሥር ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ሹል ቃል ሲያዶለዱም ኖሮ፣ የራሱን ሹል ቃል ሲፈልግ አጣው።

«እስቲ አስቤበት ልምጣ» ብሎ ተነሣ። አልተመለሰም።

ሴትየዋ ፍርዷን ጨርሳ ወጣች። ዛሬም በዚያ ከተማ አለች፤ መሪ አትይዝም። ሰውየውም አለ። ጡረታ ወጥቷል። ሰው ዛሬም ደግነቱን ያወራለታል።

መምህሩ እዚህ ላይ አቆሙ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ዞሩ።

«ልጄ፣ ‹ኃጢአት ነው ወይ?› ብለኸኛል። የመኪና መስታወት የተሠራው ሾፌሩ መንገዱን እንዲያይበት ነው። ሾፌሩ መስታወት መኖሩን ሲረሳ ነው መስታወቱ ጥሩ ነው የሚባለው። አንተም በሕዝቡና በአለቃህ መሐል የቆምህ መስታወት ነህ፤ አለቃህ አገሩን የሚያየው በአንተ ነው። ገደሉን ሜዳ አድርገህ ብታሳየው እየነዳ ይገባል። ሲገባ ግን የሚመታው አንተን አይደለም፤ እሱንም አይደለም። እታፈራሁን ነው። ‹ለሰላም ብዬ ነው› እንዳትለኝ። ያም ሰው ደግ ነበር፤ አንተም ደግ ነህ። ደግነቱ ለማን ነበር? ለሚቆጣው ነበር። ለምትሞተው አልነበረም።»

ጸሐፊው አንገቱን ደፋ።

«አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ» አሉ መምህሩ። «በዚህ ሳምንት ሰዎቹ መጥተው ምን አሉህ?»

«ስለ ታችኛው መንደር ቧንቧ ነው የኔታ። የውኃው ጥራት ትንሽ...»

«እንዲህ ብለው ነው የነገሩህ?»

«አይደለም» አለ። «አንዲት እናት ናት የመጣችው። ‹ውኃው ልጄን ገደለው፤ ሁለተኛውም ተኝቷል› ነው ያለችኝ።»

«አንተስ ምን ብለህ ጻፍህ?»

«‹የውኃው ጥራት ትንሽ ቀንሷል› ብዬ።»

«ተነሥ» አሉት መምህሩ። «ጽሕፈት ቤቱ ሳይዘጋ ድረስ። እስካሁን ከዚያው ቧንቧ እየቀዱ ነው።»